ቺፕን በተተከለበት ቦታ ስለ መመርመር

ውጫሌ የምትባለው የአምባሰል ከተማ ስሟ በዓለም የታሪክ መዝገብ ሊሰፍር የቻለው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ምክንያት መሆኑን ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚያ ውል ሊቃውንት ብዙ ጽፈውበታልና እኛ ወደዚያ አንገባም። ይህ ትረካ የሚነሣው ውሉ ከተፈረመ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሰሜን መዘርጋት ከጀመረ አንድ ሽቦ ነው። ይኸውም በ1894 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1896 ዓ.ም. የተፈጸመው፣ አዲስ አበባን በትግራይ በኩል ከአስመራ ጋራ ያገናኘው፣ ርዝመቱም 880 ኪሎ ሜትር የሆነው የቴሌግራፍና የስልክ መስመር ነው።

የዚህን ሽቦ ነገር ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ነገር ሲበላሽ፣ ዕቃውን ከቆመበት ሳይነቅሉና ሳይፈቱ የጥፋቱን ስፍራ ለይቶ የማወቅ ጥበብ የጀመረው በቴሌግራፍ ዘመን ነውና። እንግሊዛዊው ሊቅ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1843 በሰፊው ያስተዋወቀው መለኪያ በእጁ የገባለት የቴሌግራፍ ባለሙያ፣ መስመሩ ከምሰሶው ወድቆ በአንድ ሩቅ ገደል መሬት በነካ ጊዜ፣ በቅሎውን አስጭኖ ሽቦውን ተከትሎ ከመውጣቱ በፊት፣ በጣቢያው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሽቦው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን ተቃውሞ ይለካል፤ የአንዱን ኪሎ ሜትር ተቃውሞ አስቀድሞ ያውቃልና፣ የተለካውን በዚያ ባካፈለ ጊዜ ብልሽቱ ከጣቢያው ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንዳለ ይደርስበታል። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ግን ይህን ጥበብ ለጊዜው ችላ አለው፤ ችላ ያለበትንም ምክንያት ለመረዳት ወደ ራዲዮኑ ዘመን መሻገር ያስፈልጋል።

በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. በተደረገው የኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ሥራ ጀምሮ ነበር። ጠላት አገሩን በያዘበት በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ አስመራ የሚወጣውን የመኪና መንገድ ሠራ፤ ከድል በኋላም የእንጨት ሣጥን የመሰለው ራዲዮ ሌላውን ሸቀጥ ተከትሎ በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ከተሞች ይወጣ ጀመር። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤትና በ1945 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ደግሞ ካቻቢቴውንና ቴስተሩን ይዞ የሚያድር አዲስ የሙያ ወገን ለአገሩ አስገኙ።

የዚያ ዘመን ራዲዮ ሥራውን የሚሠራው በብርጭቆ አምፖሎች ነበር። አምፖሉ በሆዱ ያለው ክር ሲግል ይበራል፤ ክሩ የተቃጠለበት ጨልሞ ይታያል፣ በጣትም ቢነኩት ይቀዘቅዛል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አምፖሉ በመሰኪያ የተሰካ እንጂ የተበየደ ባለመሆኑ፣ ጠጋኙ የጠረጠረውን ነቅሎ በደኅናው ይተካና ፍርዱን ወዲያው ያገኝ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአምፖል መመርመሪያ ሣጥን በየመድኃኒት መሸጫው ሳይቀር ተተክሎ፣ ባለ ራዲዮው ራሱ አምፖሎቹን በኪሱ ይዞ እየሄደ ይፈትናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ለዓለም በታየው ኤኒያክ በተባለው ታላቅ የሒሳብ መኪና ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ አምፖሎች ስለ ነበሩ፣ አንዱ በሞተ ቍጥር ሙቱን ከሕያዋኑ መካከል ፈልጎ ማውጣት የሠራተኞቹ ቋሚ ተግባር ሆነ፤ አምፖሎቹም ይበልጡን ጊዜ የሚሞቱት መኪናው ሲበራና ሲጠፋ መሆኑን ስለ ተገነዘቡ እስከ ቻሉ ድረስ ባያጠፉት መረጡ። ነቅሎ መተካት እንዲህ ቀላል በሆነበት ዘመን በተተከለበት መመርመርን ማን ይሻዋል?

ይህ ምቾት መፍረስ የጀመረው በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. ባርዲንና ብራተን በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ባሳዩ ጊዜ ነው፤ እነርሱና የሥራ ጓደኛቸው ሾክሌይ ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ትራንዚስተር ክር የለውም፤ አይግልም፣ አይበራም፤ ጥቂት ኀይል ብቻ ስለሚበቃው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ራዲዮ መሥራት ተቻለ። መብራት ባልገባበት የገጠር ቀበሌ ሳይቀር ራዲዮ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ1955 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያም አድማጭ ያገኘው በእነዚህ ትንንሽ ራዲዮኖች ጭምር ነበር። ጠጋኙ ግን አንድ ችግር ገጠመው፤ ባለ ሦስት እግሩ ትራንዚስተር ከጓደኞቹ ጋራ በመዳብ መስመር በተሣለ ቦርድ ላይ የተበየደ ነውና እንደ ቀድሞው ነቅሎ መተካት የብየዳ ሥራ ሆነበት። በቦርዱ ላይ እንዳለ በቴስተር ተቃውሞውን ቢለካው ደግሞ ኤሌክትሪኩ በጐን ባሉት በሬዚስተሮቹና በሽቦ ጥቅሎቹ በኩል ተሹለክልኮ ስለሚያልፍ፣ መርፌው የሚያሳየው የትራንዚስተሩን ጠባይ ሳይሆን የጎረቤቱን ሁሉ ድምር ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተገኘ፤ ራዲዮው በርቶ ሳለ በትራንዚስተሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ቮልት መለካት። የሲሊኮን ትራንዚስተር ሥራ ላይ ከሆነ በመግቢያ እግሩና በአስተላላፊው እግር መካከል 0.6 ቮልት ገደማ ይገኛል፤ የጀርማኒየሙ ከዚያ ያንሳል፤ ከዚህ እጅግ የራቀ ቍጥር ከታየ ትራንዚስተሩ ወይም ኤሌክትሪክ የሚቀልበው ክፍል ታሟል። በዚህ ጊዜ የሙያው ሰዎች ሁለት ዓይነት ምርመራ ለዩ፤ ዕቃው ተኝቶ ሳለ የሚደረግና ነቅቶ ሳለ የሚደረግ። ኋላ የመጣው ሁሉ የተሠራው በሁለተኛው ላይ ነው።

እኛ እንቍጣጣሽን ባከበርን ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ጃክ ኪልቢ የተባለ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲስ ብዙ ክፍሎችን በአንዲት የጀርማኒየም ስባሪ ላይ አጣምሮ የሠራውን፣ ኋላ ቺፕ የተባለውን፣ ለአለቆቹ አሳየ። በሚቀጥለው የፈረንጅ ዓመት ሮበርት ኖይስ የተባለው የፌርቻይልድ ሰው በሲሊኮን ላይ ለፋብሪካ ሥራ የሚመቸውን ዘዴ አወጣ፤ ኪልቢ በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ኖይስ ዐርፎ ነበርና የክብሩ ተካፋይ አልሆነም። በ1964 እ.ኤ.አ. የኪልቢ ፋብሪካ ለጦር ሠራዊት ሥራ የታሰበውን፣ 5400 የተባለውን የቺፕ ቤተሰብ አወጣ፤ ሁለት ዓመት ቈይቶም በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠውን፣ ለሁሉም የሚዳረሰውን የ7400 ቤተሰብ አስከተለ።

እንግዲህ የ7400ን ቺፕ፣ የእኛ ጠጋኞች አይሲ የሚሉትን፣ በመዳፋችን ላይ አስቀምጠን እንመልከተው። ዐሥራ አራት እግሮች አሉት፤ በአንዱ ወገን ሰባት፣ በሌላው ወገን ሰባት፤ በአንዱና በሌላው እግር መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ዐሥራ አራተኛው እግር 5 ቮልት ይቀበላል፣ ሰባተኛው ወደ መሬት ይመለሳል፤ በቀሩት ዐሥራ ሁለት እግሮች አራት ትንንሽ የውሳኔ በሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄ ተቀብለው አንድ መልስ ይሰጣሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች አዎን ሲሆኑ መልሱ አይደለም ይሆናል፤ በቀረው ሁሉ መልሱ አዎን ነው። ሕጉ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚወጣ ቺፕ በሽተኛ ነው። ነገር ግን ከላዩ ሲታይ ጤነኛውና በሽተኛው መልካቸው አንድ ነው፤ ውስጡ ያለው የወርቅ ወይም የአሉሚኒየም ቀጭን ሽቦ ቢበጠስ፣ እርጥበት ቢገባበት፣ ከሰው ጣት በዘለለ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ቢቃጠል፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ምንም አይናገርም። በአንድ ቦርድ ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቺፖች በዐሥርና በመቶ ይቈጠራሉ።

ገምቶ መንቀል በዚህ ዘመን ኀጢአት ሆነ። የዐሥራ አራቱን እግር ብየዳ በአንድ ጊዜ ማቅለጥ ያዳግታል፤ ሙቀቱ የበዛ እንደ ሆነ የመዳቡ ቀለበት ከቦርዱ ይላቀቃል፤ በሁለት ወገን የተሣለ ቦርድ ከሆነ ደግሞ በቀዳዳው ውስጥ ያለው የመዳብ ልባስ ከእግሩ ጋራ ተነቅሎ ይወጣል። ንጹሑን ቺፕ ነቅሎ ደኅናውን ቦርድ የገደለ ጠጋኝ በየከተማው አይታጣም፤ ጥፋቱም የሚታወቀው አዲሱ ቺፕ ከተበየደ በኋላ ዕቃው እንደ ቀድሞው ዝም ሲል ነው። ስለዚህ ቺፑን በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሸንጎ ተከሳሹ በተጠየቅ እንደሚሟገተው፣ በቆመበት ቦታ፣ በጎረቤቶቹ መካከል፣ ሥራውን እየሠራ ሳለ መጠየቅ ግድ ሆነ። በመግቢያ እግሮቹ የሚደርሰው ጥያቄ ይደመጣል፣ በመውጫ እግሩ የሚሰጠው መልስ ይደመጣል፤ ዳኛው ሕጉን ካወቀ ሐሰተኛውን ይለያል።

ግን ዳኛው በምን ጆሮ ይስማ? በመርፌ የሚሠራው ቴስተር ለዚህ ሥራ አይበቃም። በቺፕ መስመር ላይ ያለው ቮልት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ መርፌው ያንን ሁሉ ሊከተል ስለማይችል አማካዩን ብቻ ያሳያል፤ አማካዩም ሕያው የሆነውን መስመር ከታመመው አያስለይም። የቮልቱን ለውጥ በመስኮቱ የሚሥለው ኦሲሎስኮፕ ይችላል፣ ነገር ግን ዋጋውም ክብደቱም የከበደ ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጎርደን የተባለ የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ መልሱን በእስክሪብቶ ልክ ሠራው። ሎጂክ ፕሮብ የተባለው ይህ ዘንግ ጫፉ ሲነካ ትንሽ መብራቱ ይናገራል፤ መስመሩ ከፍ ያለ ከሆነ ይበራል፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ይጠፋል፣ የሚለዋወጥ ከሆነ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለዓይን የማይታየውን የቅጽበት ለውጥም አርዝሞ ያሳያል። በዚህ ቤተሰብ ቺፖች ሥርዐት ከ0.8 ቮልት በታች ያለው ዝቅተኛ፣ ከ2 ቮልት በላይ ያለው ከፍተኛ ይባላል፤ በመካከል፣ በ1.5 ቮልት አካባቢ ተንጠልጥሎ የሚገኝ መስመር ግን ብዙውን ጊዜ ባለቤት ያጣ፣ ሽቦው የተቋረጠ ወይም የሚነዳው ቺፕ የሞተ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ዐሥራ አራተኛውንና ሰባተኛውን እግር መንካት የሙያው የመጀመሪያ ትእዛዝ ሆነ፤ ምግቡ ሳይደርሰው ቀርቶ በስንፍና የተፈረደበት ቺፕ ብዙ ነውና።

ሂውሌት ፓካርድ በዚህ አልቆመም። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ዐሥራ ስድስት ትንንሽ መብራቶች ያሉትን መቈንጠጫ አወጣ፤ ቺፑን በጀርባው ሲነክሰው የእግሮቹን ሁሉ ሁኔታ በአንድነት ያሳያል፣ ምግብ የሚቀበለውና ወደ መሬት የሚመለሰው እግር የትኛው እንደ ሆነም ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ቀጥሎ ፐልሰር የተባለው ሌላ ዘንግ መጣ፤ ይህ አይሰማም፣ ይናገራል፤ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ መስመሩን በኀይል ገፍቶ ጥያቄውን ራሱ ይፈጥራል፤ ግፊቱ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ቺፑን አይጎዳም። ከሁሉ ይልቅ ይህን ጸሓፊ የሚያስደንቀው ግን ኮምፓራተር የተባለው ሣጥን ነው። በሣጥኑ ውስጥ ጤናው የታወቀ፣ ቍጥሩ አንድ የሆነ ቺፕ ይቀመጣል፤ መቈንጠጫው በቦርዱ ላይ ያለውን ተጠርጣሪ ይነክሳል፤ ለተጠርጣሪው የሚደርሰው ጥያቄ ሁሉ ለጤነኛውም ይደርሳል፤ የሁለቱ መልስ በተለያየበት እግር ላይ ያለው መብራት ይበራል። ጠጋኙ የቺፑን ሕግ በቃሉ ባያውቅ እንኳ ጤነኛው ያውቅለታል። ከዚህ የሚበልጥ የጥያቄ ዘዴ ከዚያ ወዲህ የተገኘ አይመስለንም፤ የቀረው ሁሉ ይህንኑ ማስፋት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። በአንድ መስመር ላይ አምስት ስድስት ቺፖች ተሰልፈው ሲገኙና መስመሩ ዝቅ ብሎ አልነሣ ሲል፣ ሁሉም የሚያሳዩት ምልክት አንድ ነውና ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ለዚህም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በመዳቡ መስመር ውስጥ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በመግነጢሱ የሚያሸት ዘንግ ተሠራ፤ ፐልሰሩ እየገፋ፣ ይህ ደግሞ እየተከተለ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ የትኛው እግር ገብቶ እንደሚሰወር ይታያል። በአምባሰል ገደል ላይ የወደቀውን ሽቦ በልኬት ከሚፈልገው የቴሌግራፍ ባለሙያ ጋራ ሥራቸው አንድ ነው፤ ርቀቱ ብቻ ከኪሎ ሜትር ወደ ሚሊ ሜትር ወርዷል።

በኅዳር 1971 እ.ኤ.አ. ኢንቴል 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር አወጣ፤ በዐሥራ ስድስት እግሮቹ መካከል 2,300 ትራንዚስተሮች ተጨምቀው ነበር። ከዚህ በኋላ የቺፑን ሕግ በአንዲት ሠንጠረዥ መጻፍ አልተቻለም፤ ቺፑ የሚመልሰው አሁን የተጠየቀውን ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የተጠየቀውን ሁሉ ተመርኩዞ ነውና። በመስመሮቹ ላይም የሚያልፈው ነገር መልኩን ስለሚለዋውጥ ፕሮቡ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር የሚነግረው የለም። ሂውሌት ፓካርድ በ1977 እ.ኤ.አ. 5004ኤ በሚል ቍጥር የወጣውን የፊርማ መርማሪ ያቀረበው ለዚህ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቦርዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ አጭር ሥራ ደጋግሞ እንዲሠራ ይደረጋል፤ በአንድ እግር ላይ የሚያልፉት ዜሮና አንዶች ሁሉ ዐሥራ ስድስት ማኅደር ባለው መዝገብ ውስጥ እየተጣመሩ ይገባሉ፤ በመጨረሻ ከ65,536 ከሚሆኑ ዓይነቶች አንዱ በአራት ፊደልና አኃዝ ተጨምቆ በመስኮቱ ይወጣል። ፊደሎቹ ኤ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ ፒና ዩ ብቻ ናቸው፤ በሰባት ጭረት በሚጻፈው የመስኮት አጻጻፍ ከአኃዝም ከእርስ በርሳቸውም እንዳይምታቱ ስለ ተመረጡ ነው። ፋብሪካው በጤናማ ቦርድ ላይ የየእግሩን ፊርማ አስቀድሞ ለክቶ በሥዕሉ ላይ ያትማል፤ ጠጋኙ የቦርዱን ምሥጢር ሁሉ ሳይመረምር ፊርማውን ከሥዕሉ ጋራ ያስተያያል፤ መግቢያው ትክክል ሆኖ መውጫው የተሳሳተበትን ቺፕ ባገኘ ጊዜ ፍለጋው አብቅቷል። ስሕተት ሳይያዝ የማለፉ ዕድል ከ65,536 አንድ ያህል ብቻ ነው።

የዚህ ድንቅ መሣሪያ ጉድለት አንድ ነው፤ ጉድለቱም ከባድ ነው። ፋብሪካው ፊርማውን ካላተመ መሣሪያው ዲዳ ይሆናል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎችም አላተሙም።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቺፕ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ። በኢትዮጵያ የቀለም ቴሌቪዥን በ1984 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ደግሞ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 የተባሉት የቤት ኮምፒዩተሮች ሁለቱም በ1982 ወጡ። ባለሙያው ፍሉክ ኩባንያ ያወጣውን፣ ማይክሮፕሮሰሰሩን በመሰኪያው ተክቶ የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ (ሜሞሪ) ሁሉ በተራ የሚመረምረውን ሣጥን ሲጠቀም፣ ገንዘብ የሌለው አፍቃሪ በራሱ መንገድ ሄደ። ሥራ ጀምሮ ጥቂት ደቂቃ በቈየ ቦርድ ላይ ጣቱን ከቺፕ ወደ ቺፕ እያሳለፈ ከወንድሞቹ ተለይቶ የሚያቃጥለውን ለየ፤ በርዶ የሚሠራውንና ሲሞቅ የሚጠፋውን በማቀዝቀዣ መርጫ አጋለጠ፤ ከሁሉም በላይ ጤነኛውን ቺፕ በተጠርጣሪው ጀርባ ላይ እግር በእግር አሳፍሮ ዕቃውን ማስነሣት ለመደ። ይህ ማሳፈር የኮምፓራተሩ የድኻ ወንድም ነው። ነገር ግን ወሰን አለው፤ የታመመው ቺፕ ውስጡ ተበጥሶ ዝም ያለ እንደ ሆነ ጤነኛው ይናገርለታል፤ መውጫው ከመሬት ጋራ ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ ግን ጤነኛው ሊያነሣው አይችልም፣ እንዲያውም ሲታገል ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አሳፍረነው ለውጥ ባለመታየቱ ብቻ ተጠርጣሪውን ነጻ ማውጣት ስሕተት ነው። የስፔክትረም ጠጋኞችም ሌላ ትምህርት አተረፉ፤ በዚያ ኮምፒዩተር ያለው 4116 የተባለው የማስታወሻ ቺፕ 5፣ 12ና ነጋቲቭ 5 ቮልት በአንድነት ይሻል፤ ነጋቲቩ የቀረ እንደ ሆነ ቺፖቹ ይሞታሉ። ምግቡን ሳያስተካክል ቺፑን የቀየረ ሰው አዲሶቹንም ይገድላቸዋል።

በ1990 እ.ኤ.አ. ኢንጂነሮች አይትሪፕልኢ 1149.1 በተባለ ደንብ ተስማምተው፣ ቺፑ ራሱ በውስጡ መርማሪ እንዲይዝና በአራት ተጨማሪ እግሮች በኩል የቀሩትን እግሮች ሁኔታ እንዲናዘዝ አደረጉ። ለትልልቅ ፋብሪካዎች ይህ ታላቅ በረከት ነው። ለመንገድ ዳር ጠጋኝ ግን የጠቀመው ጥቂት ነው፤ በዚያው ዘመን የቺፑ እግሮች መጠናቸው እያነሰ ከሆዱ ሥር ተሰወሩ፣ ቦርዱም ከሚጠገን ይልቅ ቢጣል የሚረክስ ሆነ።

የሚገርመው፣ ዓለም መጠገንን በተወበት በዚህ ጊዜ አሮጌውን ለመጠገን የተነሡ ሰዎች መብዛታቸው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ማርክ ቬርዲዬል፣ ኬን ሺሪፍ፣ ካርል ክላውንችና ማይክ ስቱዋርት የተባሉ አሜሪካ የሚኖሩ ባለሙያዎች አንድ ሰው ከዐሥርተ ዓመታት በፊት ከጥራጊ መካከል ገዝቶ ያስቀመጠውን የአፖሎ የጨረቃ ጕዞ ኮምፒዩተር ሊያነቁ ተቀመጡ። ኮረንቲ ከመስጠታቸው በፊት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለኩ፤ ከዚያም ምግቡን ለብቻው ፈተኑ፤ በሺህ ከሚቈጠሩት ጥንታውያን ቺፖች ይልቅ ያስቸገራቸው የማስታወሻው ክፍል ሆነ፤ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ ፕሮግራሙን ሠራ። የእነርሱ ሥራ ያስተማረን፣ ሃምሳ ዓመት የቈየ ቺፕ ስላረጀ ብቻ በሞት ሊፈረድበት እንደማይገባ ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከቻይና የመጡ ርካሽ የቺፕ መመርመሪያዎች በየአገሩ ተሠራጭተዋል፤ የ7400ን ቤተሰብ በቅጽበት ይፈትናሉ፤ ነገር ግን ቺፑ ከቦርዱ ተነቅሎ በመሰኪያቸው ላይ መቀመጥ አለበት። ከስልሳ ዓመት በፊት የነበረው ችግር በዚህ መሣሪያ አልተነካም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ውጫሌና በአስመራ መንገድ ላይ ወዳሉት ከተሞች ስንመልሰው ነገሩ እንዲህ ይሆናል። የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጀመረ ወዲህ የጠጋኞቹ ብዙ ሰዓት በስልክና በሳተላይት መቀበያ ይጠፋል፤ አሮጌው ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና የድምፅ ማጕያ ግን አሁንም ይመጣል። የማጕያውን ነገር እንያዝ። ቲ ዲ ኤ 2030 የተባለው ባለ አምስት እግር ቺፕ በአንድ የ12 ቮልት ምግብ እንዲሠራ በተደረገበት ማጕያ ላይ፣ ድምፅ ሳይገባበት አራተኛው እግር የምግቡን ግማሽ፣ ማለት 6 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት፤ 12 ወይም ዜሮ ካሳየ፣ ምግቡና በአጠገቡ ያሉት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ደኅና መሆናቸው እስከ ተረጋገጠ ድረስ፣ ጥርጣሬው በቺፑ ላይ ይጸናል። ለዚህ ምርመራ ተራ ቴስተር በቂ ነው፤ ብየዳም አያስፈልግም። ተለዋጭ ቺፕ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ለሚጠብቅ ሰው ከመንቀል በፊት መጠየቅ የሚያድነው ገንዘብና ጊዜ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በውጫሌ፣ በሐይቅና በሌላውም ከተማ ላሉ ጠጋኞች፣ ይልቁንም በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራን የምናቀርበው ልመና አለ። ፋብሪካው ያላተመውን ፊርማ እናንተ ጻፉት። ደኅና የሆነ ማጕያ፣ ቴፕ ወይም መቀበያ በእጃችሁ ሲገባ፣ ለባለቤቱ ከመመለሳችሁ በፊት የዕቃውን ስም፣ የቺፑን ቍጥር፣ የእያንዳንዱን እግር ቮልትና ቀኑን በደብተር ላይ አስፍሩ፤ ደብተሩንም ለሥራ ጓደኛችሁ አበድሩ። የቴሌቪዥን ቦርድ ከሆነ ግን ጠፍቶ ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቮልት በካፓሲተሮቹና በስክሪኑ አምፖል ውስጥ ስለሚቈይ፣ ይህንን ለጀማሪ ተማሪ አትስጡት።